ኪት ግሪን

ኪት ጎርደን ግሪን (ጥቅምት 11 ቀን 1946 – ሐምሌ 21 ቀን 1974 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የመንፈሳዊ መዝሙር ደራሲ፣ ዘማሪና ፒያኖ ተጫዋች ነበር። የክርስቲያን ሮክ ሙዚቃ በአሜሪካ ገና እግሩን እየተከለ በነበረበት ዘመን ከታወቁት ድምፆች አንዱ ነው። በሕይወት እያለ በስሙ የወጡ አዳዲስ አልበሞች አራት ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ሦስተኛው፣ «ሶ ዩ ዋና ጎ ባክ ቱ ኢጅፕት»፣ ግሪን ራሱ ባቋቋመው አነስተኛ አሳታሚ የታተመና ዋጋው ለገዢው የተተወ አልበም ነው። ግሪን በ28 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ከሁለት ልጆቹ ጋር ሕይወቱ አልፏል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ልጅነት

ኪት ግሪን የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ክፍል፣ ሺፕስሄድ ቤይ በተባለው ሰፈር ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረና በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ አደገ። ቤተሰቡ አይሁዳዊ የዘር ሐረግ ቢኖረውም ልጁን ያሳደገው ክርስቲያን ሳይንስ በሚባለው እምነት ነበር።

ሙዚቃ የጀመረው በጣም በልጅነቱ ነው። በሦስት ዓመቱ ዩኩሌሌ የተባለችውን ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር፣ በአምስት ዓመቱ ጊታር፣ በሰባት ዓመቱ ደግሞ ፒያኖ መጫወት ጀመረ። ከሙዚቃው ጎን ለጎን በመድረክ ቴአትርም ይሳተፍ ነበር። በ1965፣ በ11 ዓመቱ፣ ዴካ ሬከርድስ ከተባለው ትልቅ የሸክላ አሳታሚ ጋር ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት አስካፕ ተብሎ የሚጠራው የአሜሪካ የዜማ ደራሲያንና አሳታሚዎች ማኅበር አባል ሲሆን በዕድሜ የመጨረሻው ትንሹ አባል ነበር። በዚያን ጊዜ የደረሳቸው ዜማዎች ወደ 40 ይጠጉ ነበር። ታይም መጽሔት ስሙን አነሳው፤ በቴሌቪዥን ትርዒቶችም ላይ ቀረበ። ሆኖም የታሰበው አገር አቀፍ ዝና አልመጣም። ነጠላ ዜማዎቹ እንደተጠበቀው አልተሸጡም፤ ልጁም ታዋቂ ሳይሆን ወደ ጉርምስና ገባ።

በ15 ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ሄደ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዕለት ማስታወሻ መያዝ ልማዱ ሆነ፤ ከሞተ በኋላ የሕይወት ታሪኩ በአብዛኛው የተጻፈው በእነዚህ ማስታወሻዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። የ1960ዎቹ መጨረሻና የ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የሂፒዎች ዘመን ነበር። ግሪንም እንደ ብዙ እኩዮቹ አደንዛዥ ዕፅ ሞከረ፣ የምሥራቅ አገር ፍልስፍናዎችንም መረመረ። አንድ ጊዜ ዕፅ ወስዶ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ ግን ነገሩን ተወው።

ትዳርና የእምነት ለውጥ

በ19 ዓመቱ እንደ እሱ ሙዚቃ የምትወድና መንፈሳዊ መልስ ፍለጋ ላይ የነበረች ሜሎዲ ስታይነር ከተባለች ወጣት ጋር ተዋወቀ። ታኅሣሥ 25 ቀን 1973 ተጋቡ። ሁለቱ ዜማ አብረው ይጽፉ ነበር፤ ግሪንም ማታ ማታ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ባሉ ካፌዎችና የምሽት ክበቦች ፒያኖ እየተጫወተ ይዘፍን ነበር። ቀጥሎም ባልና ሚስቱ በሲ.ቢ.ኤስ. የሙዚቃ አሳታሚ ክፍል በዜማ ደራሲነት ተቀጠሩ።

በ1975 ሁለቱም በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ መገኘት ጀመሩና ክርስትናን ተቀበሉ። ጥናቱ ቪንያርድ ተብሎ የታወቀው ኅብረት መነሻ ከነበሩት ስብሰባዎች አንዱ ነበር። ከዚህ በኋላ የግሪን ሥራ አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ተለወጠ።

ለውጡ መጀመሪያ የታየው በመኖሪያ ቤቱ ነው። ባልና ሚስቱ የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ቤታቸውን ከዕፅ ሱስ ለመላቀቅ ለሚታገሉ፣ ከሴተኛ አዳሪነት ለወጡ፣ መጠለያ ለሌላቸውና ያለ ባል ላረገዙ ወጣቶች ክፍት አደረጉ። ቤቱ ሲጠብ የጎረቤቱን ገዙ፤ በዚያው ሰፈር አምስት ተጨማሪ ቤቶችም ተከራዩ። የሰዉ ብዛት ያሳሰባቸው ጎረቤቶች ቅሬታ ማሰማታቸው አልቀረም። ይህ የቤት ውስጥ አገልግሎት በ1977 ላስት ዴይስ ሚኒስትሪስ የሚባል ድርጅት ሆነ፤ ትርጓሜውም የመጨረሻው ዘመን አገልግሎት ማለት ነው። በ1978 ድርጅቱ ዜና መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በውስጡ የግሪን ጽሑፎችና እንደ ቻርልስ ፊኒ፣ ጆን ዌስሊና ሊዮናርድ ሬቨንሂል ያሉ ሰባኪዎች ሥራዎች ይወጡ ነበር።

የክርስቲያን ሮክ ዘመን

የግሪን ሙዚቃ የተገኘው የኢየሱስ ንቅናቄ ከሚባለው የወጣቶች መነቃቃት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ብዙ ሂፒዎች ወደ ክርስትና ሲመጡ የለመዱትን ጊታርና ከበሮ ይዘው መጡ። ላሪ ኖርማን በ1969 ያወጣው «አፖን ዚስ ሮክ» ብዙ ጊዜ እንደ መጀመሪያው የክርስቲያን ሮክ አልበም ይቆጠራል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሮክን የዓለም ሙዚቃ ነው ብለው ሲነቅፉት፣ ዓለማዊው የሙዚቃ ገበያ በበኩሉ ስብከት ነው ብሎ ገሸሽ አደረገው። በዚህ ምክንያት ለዚህ ሙዚቃ ብቻ የቆሙ አነስተኛ አሳታሚዎች ተፈጠሩ፤ ሸክላዎቹም የሚሸጡት በአብዛኛው በክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ነበር። ከእነዚህ አሳታሚዎች አንዱ በ1976 በቢሊ ሬይ ኸርን የተመሠረተው ስፓሮው ሬከርድስ ነው።

ግሪን ከስፓሮው ጋር ውል ገብቶ በ1977 የመጀመሪያ አልበሙን «ፎር ሂም ሁ ሃዝ ኢርስ ቱ ሂር» (ለሚሰማ ጆሮ ላለው) አወጣ። አዘጋጁ ከበሮ መቺው ቢል ማክስዌል ነበር። በአልበሙ ውስጥ አኒ ኸሪንግ የደረሰችው የትንሣኤ መዝሙር «ኢስተር ሶንግ»፣ እንዲሁም ግሪን ከራንዲ ስቶንሂልና ከቶድ ፊሽካይንድ ጋር የጻፈው «ዮር ላቭ ብሮክ ስሩ» ይገኛሉ። አልበሙ በዘርፉ በጣም ከተሸጡት አንዱ ሆነ። ሁለተኛው «ኖ ኮምፕሮማይዝ» (ያለ ድርድር) በ1978 ወጣ። የሽፋኑ ሥዕል ንጉሥ ሲያልፍ ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ያሳያል፤ ይህም በመጽሐፈ አስቴር ያለውን የመርዶክዮስን ታሪክ ያስታውሳል።

የግሪን ሙዚቃ መሠረቱ ፒያኖ ነው። ግራ እጁ ቁልፎቹን በኃይል ይመታል፤ ድምፁም ከለስላሳ ጸሎት ተነሥቶ ወደ ጩኸት ይወጣል። የመዝሙሮቹ ይዘትም በጊዜው ከነበረው የተለየ ነበር። የሚናገሩት ለማያምኑ ሳይሆን በምቾት ተኝተዋል ላላቸው ምእመናን ነው። በ«ኖ ኮምፕሮማይዝ» ውስጥ ያለው «አስሊፕ ኢን ዘ ላይት» የተባለው መዝሙር ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ ድሆች በደጃቸው እያሉ ስለ በረከት ብቻ የሚያስቡ ክርስቲያኖችን ይወቅሳል።

ወደ ቴክሳስ መዛወርና ከስፓሮው መለየት

በ1979 ድርጅቱ ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ ቴክሳስ ሄደ። በሊንዴል ከተማ አጠገብ ጋርደን ቫሊ በተባለ የገጠር ስፍራ 40 ኤከር (16 ሄክታር ገደማ) መሬት ገዛ፤ ይዞታውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 140 ኤከር አደገ። ጉዞው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከባሌ ሮቤ እስከ አዲስ አበባ ካለው መንገድ ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ለአንድ ሙዚቀኛ ደግሞ ከስቱዲዮዎችና ከአሳታሚዎች መናኸሪያ መራቅ ማለት ነበር።

በዚያው ዓመት ግሪን ስለ ገንዘብ ያለው አቋም ተለወጠ። ወንጌልን የያዘ መዝሙር ገንዘብ ላለው ብቻ መድረሱ ትክክል አይደለም ብሎ አመነ። ስለዚህ ለኮንሰርቶቹ የመግቢያ ክፍያ ማስከፈል አቆመ። አልበም በተመን መሸጥም አልፈለገም፤ ከስፓሮው ጋር የነበረው ውል ግን ይህን አይፈቅድም። አንድ አሳታሚ የስቱዲዮ፣ የሸክላ ማተሚያና የማከፋፈያ ወጪ ይሸፍናል፤ ያወጣውንም የሚመልሰው ከሽያጭ ነው። ዋጋ የሌለው ሸክላ በዚህ አሠራር ውስጥ ቦታ የለውም። ግሪን ከውሉ እንዲለቀቅ ጠየቀ። ኸርንም፣ ግሪን በጣም ከሚሸጡለት ዘማሪዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ተስማምቶ ለቀቀው።

ዋጋው ለገዢው የተተወው አልበም

ከስፓሮው የተለየው ግሪን ፕሪቲ ጉድ ሬከርድስ የተባለ የራሱን አሳታሚ አቋቋመ። የአዲሱን አልበም ወጪ የሚሸፍን ድርጅት ስላልነበረ ባልና ሚስቱ መኖሪያ ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩ። አልበሙ አሳዳጊ የሚፈልግ ልጅ በቤት ውስጥ እያለ፣ ብዙ ሰዎች ከእነሱ ጋር እየኖሩና እየበሉ የተወሰደ ብድር ነው። ግዢው ካልተሳካ የሚጠፋው ቤቱ ነበር፤ ዋጋውን የሚወስነው ደግሞ ገዢው እንጂ ሻጩ አልነበረም።

«ሶ ዩ ዋና ጎ ባክ ቱ ኢጅፕት» በ1980 ወጣ። ርዕሱ በአማርኛ፣ ታዲያ ወደ ግብፅ መመለስ ትፈልጋላችሁ እንደ ማለት ነው። መነሻው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 የተጻፈው ታሪክ ነው፤ እስራኤላውያን በምድረ በዳ መና ሰልችቷቸው በግብፅ ይበሉት የነበረውን ዓሣ፣ ዱባና ሽንኩርት ይናፍቃሉ። የርዕሱ መዝሙር ይህን ማጉረምረም በቀልድ ያቀርበዋል። ሕዝቡ መናውን በምን በምን ዓይነት አሠራር እንደሚበላው እየዘረዘረ ሰሚውን ካሳቀ በኋላ፣ ነፃ ከወጣ በኋላ ወደ ቀድሞ ኑሮው የሚመለከት ሰው ራሱን እንዲያይ ያደርገዋል።

በዚሁ አልበም ያለው «ኦ ሎርድ ዩር ቢዩቲፉል» የተባለው የጸሎት መዝሙር ከግሪን ሥራዎች ሁሉ በብዛት ከሚዘመሩት አንዱ ሆኗል። «ፕሌጅ ማይ ሄድ ቱ ሄቨን» በተባለው መዝሙር ደግሞ ዘማሪው ሕይወቱን፣ ሚስቱንና ልጁን ሳይቀር ለእምነቱ አሳልፎ ስለ መስጠት ያነሳል። በዚህ መዝሙር ላይ ሃርሞኒካ የነፋው ቦብ ዲለን ነው። ዲለን በ1979 ክርስትናን ተቀብሎ ከቪንያርድ ኅብረት ጋር የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ተከታትሎ ነበር፤ ከግሪን ጋርም የተዋወቁት በዚያ አካባቢ ነው። በዓለም ከታወቁት ዘፋኞች አንዱ በአንድ አነስተኛ አሳታሚ ሸክላ ላይ አጃቢ ሆኖ መገኘቱ ያልተለመደ ነገር ነበር።

ስርጭቱ የተከናወነው በፖስታና በኮንሰርቶች ላይ ነው። ፈላጊው ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሚችለውን ያህል ገንዘብ ይልካል፤ ምንም ከሌለውም በነፃ ይላክለታል። እስከ ግንቦት 1982 ድረስ ከ200,000 በላይ ቅጂዎች ተልከዋል። ከእነዚህም 61,000 የሚሆኑት፣ ማለትም ከአሥር ሦስት ያህሉ፣ ምንም ሳይከፈልባቸው የሄዱ ናቸው። የተቀሩት ሰዎች በፈቃዳቸው በከፈሉት ገንዘብ ሥራው ሊቀጥል ችሏል።

ይህ መንገድ ግን ዋጋ አስከፍሏል። የሸክላ ሽያጭ ደረጃ የሚወጣው በመደብር ከሚሸጠው ተቆጥሮ ነው። በፖስታ ከአንድ የገጠር ግቢ የወጣ አልበም በመደብር መደርደሪያ ላይ አይታይም፤ በሽያጭ ሰንጠረዥም አይቆጠርም። ስለዚህ በብዙ ሺህ ቤቶች የተደመጠው አልበም፣ በስፓሮው ከታተሙት ሁለቱ ጋር ሲነጻጸር፣ በዘርፉ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዲለን በተሳተፈበት አንድ መዝሙርና በአሻሻጡ ምክንያት ነው። በኋላ የግሪን ሥራዎች ወደ መጻሕፍት መደብሮች ሲመለሱም አቋሙ ሙሉ በሙሉ አልተተወም፤ አንድ ካሴት ለገዛ ሰው ለጓደኛው የሚሰጠው ሁለተኛ ካሴት በነፃ ይጨመርለት ነበር።

የመጨረሻ ዓመታትና ትችቶች

በ1982 አራተኛው አልበም «ሶንግስ ፎር ዘ ሼፐርድ» (ለእረኛው የቀረቡ መዝሙሮች) ወጣ። ከቀደሙት ይልቅ ለስለስ ያለና ለአምልኮ የተዘጋጀ ነው። በውስጡ ያለው «ዘር ኢዝ ኤ ሪዲመር» በሜሎዲ ግሪን የተደረሰ ሲሆን ዛሬ በብዙ የእንግሊዝኛ የመዝሙር መጻሕፍት ይገኛል። በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ ወደ አውሮፓ ተጉዘው የወጣት ሚስዮናውያንን ሥራ ጎበኙ። ግሪን ሲመለስ ወጣቶች ወደ ሌሎች አገሮች ለአገልግሎት እንዲወጡ መቀስቀስ ዋና ሥራው ሆነ።

ግሪን ከትችት የጸዳ አልነበረም። ምእመናንን የሚወቅስበት አነጋገር ለብዙዎች የበዛ ኃይለኛ ነበር። በዜና መጽሔቱ ያወጣቸው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የሚነቅፉ ተከታታይ ጽሑፎች በተለይ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥተዋል። ደጋፊዎቹ ይህን ቅንዓት የእውነተኛነቱ ምልክት አድርገው ሲያዩት፣ ተቺዎቹ ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ አማኝ ሆኖ መምህር የሆነ ወጣት ችኮላ አድርገው ቆጥረውታል።

ሞት

ሐምሌ 28 ቀን 1982 ምሽት (ሐምሌ 21 ቀን 1974 ዓ.ም.) ግሪን ሊጠይቁት የመጡ እንግዶችን የድርጅቱን ግቢ ከአየር ላይ ለማሳየት ድርጅቱ በተከራየው ሴስና 414 አውሮፕላን ይዟቸው ተነሣ። በአውሮፕላኑ ውስጥ 12 ሰዎች ነበሩ፤ ግሪን፣ የሦስት ዓመት ወንድ ልጁ ጆሳያ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጁ ቤታኒ፣ ስምንት አባላት ያሉት የእንግዶቹ ቤተሰብና አብራሪው። አውሮፕላኑ በግቢው ካለው የግል ማኮብኮቢያ እንደተነሣ ወድቆ ተቃጠለ። የተረፈ ሰው አልነበረም።

የአደጋው ምርመራ አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት በላይ ክብደት መጫኑንና ጭነቱ ወደ ኋላ ያጋደለ መሆኑን አረጋገጠ። ለእንዲህ ያለ አነስተኛ አውሮፕላን የጭነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታም ወሳኝ ነው፤ ክብደቱ ወደ ጅራቱ ሲያመዝን አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣና አብራሪው ሊቆጣጠረው ይቸገራል። ሜሎዲ ግሪን በዚያን ሰዓት የአንድ ዓመት ልጃቸውን ይዛ ቤት ነበረች፤ እርጉዝም ነበረች። አራተኛዋ ልጅ በ1983 ተወለደች።

በኢትዮጵያ የነበረው ተመሳሳይ ዘመን

ግሪን ሸክላና ካሴት በነፃ በሚልክባቸው ዓመታት በኢትዮጵያም መንፈሳዊ መዝሙር ከመደብር ውጭ ይሰራጭ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በደርግ ዘመን በርካታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተዘጋችው በጥር 1974 ዓ.ም.፣ ግሪን ከመሞቱ ስድስት ወር ገደማ በፊት ነው። እንደ ተስፋዬ ጋቢሶ ያሉ ዘማሪዎች ለእምነታቸው ዓመታትን በእስር አሳልፈዋል፤ መዝሙሮቻቸው ግን ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። ግሪን ዋጋን ከመዝሙሩ ያነሣው በምርጫው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ገበያውን የዘጋው ክልከላ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1967 በጀርመን ያሳተሙትን የፒያኖ ሸክላ ገቢ ለበጎ አድራጎት አውለውታል። ይህ ሥራ ከጥቂቶች በቀር ሳይታወቅ ቆይቶ በዓለም ዙሪያ የታወቀው በ2006 የኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሆኖ ሲወጣ ነው።

ከሞቱ በኋላ

ሜሎዲ ግሪን የድርጅቱን ሥራ ቀጠለች። በ1982 እና በ1983 በአሜሪካ ከተሞች የመታሰቢያ ኮንሰርቶች ተካሄዱ፤ በእነዚህም የግሪን የተቀረጸ ምስል እየታየ ወጣቶች ለሚስዮናዊነት እንዲወጡ ጥሪ ይቀርብ ነበር። ቀደም ሲል ከተቀረጹት መዝሙሮች «ዘ ፕሮዲጋል ሰን» በ1983፣ «ጂሰስ ኮማንድስ አስ ቱ ጎ» በ1984 ወጡ። «ዘ ሚኒስትሪ ይርስ» የተባለው ሁለት ክፍል ያለው ስብስብ በ1987 እና በ1988 ታተመ።

በ1989 ሜሎዲ ከዴቪድ ሃዛርድ ጋር የጻፈችው የሕይወት ታሪክ «ኖ ኮምፕሮማይዝ» በሚል ርዕስ ወጣ። በ1992 እና በ2002 ሌሎች ሙዚቀኞች መዝሙሮቹን የዘመሩባቸው የመታሰቢያ አልበሞች ታትመዋል። በ2001 ስሙ በአሜሪካ የወንጌል ሙዚቃ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

ዛሬ አንድ ሙዚቀኛ አልበሙን በኢንተርኔት አውጥቶ አድማጩ የፈለገውን እንዲከፍል መተዉ የታወቀ አሠራር ነው። ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2007 «ኢን ሬይንቦውስ» የተባለ አልበሙን በዚህ መንገድ ሲያቀርብ ብዙ ተወርቶለታል። ግሪን ያንኑ ያደረገው ከዚያ 27 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እያንዳንዱን ሸክላ ማሳተም፣ ማሸግና በፖስታ መላክ ገንዘብ በሚጠይቅበት ዘመን፣ ቤቱን አስይዞ ነው።